እዚህ ኳስ ውስጥ ያለው የማን እስትንፋስ ነው?

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ የዓሣ መረብ ኳሶች ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ከብርጭቆ የተሠሩ ናቸው፣ ዛሬም ከፓስፊክ ዳርቻ ይለቀማሉ ብዬ አለፍኩ። ደብዳቤው ግን ጎረፈ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ቤት መደርደሪያ ላይ አንዲት አረንጓዴ የብርጭቆ ኳስ አለች። ትልቅ ብርቱካን ታክላለች። መርከበኛ ሳለ ከባሕር ዳር ያነሳት ናት። «የዓሣ መረብ ላይ የነበረች ናት» ይለኛል። እኔ ግን ብርጭቆና ዓሣ ማጥመድ አልገናኝ አሉኝ። በብርጭቆ ዓሣ ይያዛል እንዴ? ደግሞስ ያ ሁሉ ማዕበል እንዴት ሳይሰብራት ቀረ?

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትሽ እውነታቸውን ነው። ዓሣውን የምትይዘው ግን እሷ አይደለችም። መረብ ብቻውን ውሃ ውስጥ ከተጣለ ይሰምጣል፤ ከላይ ወጥሮ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ድሮ ለዚህ የሚታሰረው እንጨት ወይም ቡሽ ነበር። እንጨት ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ውስጧ አየር የታሸገባት የብርጭቆ ኳስ ይህ ችግር የለባትም።

ነገሩ የተጀመረው ኖርዌይ ውስጥ በ1840ዎቹ ነው። በ1844 ሎፎተን በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ኮድ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መረባቸው ላይ ያስሩት እንደነበር ይታወቃል። ጃፓን የገባው ዘግይቶ፣ ወደ 1910 አካባቢ ነው፤ ግን ጃፓኖቹ ከማንም በላይ ሠሩት። ኦታሩ በምትባለው የሆካይዶ ከተማ ውስጥ በ1901 የኩራዝ ብርጭቆ ለመሥራት የተከፈተ አንድ ፋብሪካ ነበር፤ መብራት ሲመጣ የኩራዙ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ሠራተኞቹም ያንኑ እጃቸውንና ያንኑ ምድጃቸውን ይዘው በ1910 ወደ መረብ ኳስ ዞሩ። የከተማዋ አጥማጆች በዚያ ዘመን ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በገፍ ያወጡ ስለነበር ኳሱ ገዢ አላጣም።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የኳሷ ነገር ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ነፊው ረጅም የብረት ቱቦ ቀልጦ ማር የመሰለው ብርጭቆ ውስጥ ይነክራል። ያወጣና በአፉ ይነፋል። ብርጭቆው ያብጣል፣ እያዞረ ክብ ያደርገዋል። ሲበቃው ከቱቦው ይለየዋል። የተለየበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል፤ እሱን በአንድ ጠብታ የጋለ ብርጭቆ ይደፍነዋል። ጠብታው ሳይደርቅ ማኅተም ያለው ፋብሪካ ማኅተሙን ይጫንበታል። አጎትሽ ቤት ስትሄጂ ኳሷን አንሺና በጣትሽ ዳብሺያት። አንድ ቦታ ላይ እንደ እምብርት ያለ እብጠት ታገኛለሽ። መደፈኛዋ እሱ ነው።

እንግዲህ ከዚያች እምብርት በስተጀርባ የታሸገው አየር የዚያ ሰው ትንፋሽ ነው። ስሙ አልተጻፈም። ኳሷ ከእጁ ከወጣች ምናልባት ሰባ ዓመት ሆኗት ይሆናል፣ ትንፋሹ ግን ያጎትሽ መደርደሪያ ላይ አለ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

አረንጓዴነቷ የመጣው ደግሞ ከድሮ ጠርሙስ ነው። አብዛኞቹ የጃፓን ኳሶች ሳኬ የሚባለው የጃፓን መጠጥ ባዶ ጠርሙስ እየተሰበሰበ፣ እየቀለጠ የተሠሩ ናቸው። ያልተሰበረችውም በሦስት ምክንያት ነው፦ ብርጭቆዋ ወፍራም ነው፣ ክብ ስለሆነች ግፊቱ እኩል ይከፋፈልላታል፣ ዙሪያዋን ደግሞ በገመድ መረብ ተጠልፋ ነበር። ማዕበል ክፍት ባሕር ላይ ያለችን ኳስ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል እንጂ አይመታትም። የሚሰብራት ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው ከድንጋያማ ዳርቻ ይልቅ አሸዋማ ዳርቻ ላይ በደህና የምትገኘው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ሁለት ወር አሜሪካ፣ ኦሪገን በምትባለው ግዛት፣ ባሕሩ አጠገብ ልቀመጥ ነው። ካለፈው ጽሑፍህ በኋላ ዓይኔ ሁሉ እዚያ ሄዷል። መቼና የት ልፈልግ? ወይስ ዝም ብሎ ዕድል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕድል አለበት፤ ግን ከዕድል በላይ ነፋስ ነው። ይሄን ከያዝክ ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

ከጃፓን ዳርቻ ተነስቶ ውቅያኖሱ ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈስ ውሃ አለ። ኩሮሺዮ ይሉታል፣ ጥቁር ጅረት እንደማለት ነው። መረቡ ሲበጠስ ኳሷ እሱ ላይ ትወድቃለች፤ ወደ ምሥራቅ ይዟት ይሄዳል፣ ከዚያ ሰሜን ፓስፊክን በሚዞረው ትልቅ አዙሪት ውስጥ ትገባለች። እዚያ ለዓመታት ስትዞር ልትኖር ትችላለች። ውሃው ብቻውን ወደ አንተ አያመጣትም። ኳሷ ባዶ ስለሆነች አብዛኛው አካሏ ከውሃው በላይ ነው፣ ስለዚህ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋታል። ከምዕራብ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲነፍስ ከአዙሪቱ አውጥቶ ወደ ዳርቻ ይጥላታል።

ነፋስ ምን ያህል እንደሚያፈጥን ማየት ከፈለግክ የ2011ዱን የጃፓን ሱናሚ አስታውስ። የተጠራረገው ዕቃ ባሕሩን ሲያቋርጥ እኩል አልሄደም። ከውሃው በላይ ጎልተው የሚንሳፈፉት፣ ባዶ የሆኑት ትልልቅ ተንሳፋፊዎች ቀድመው ደረሱ። ውሃ ውስጥ የተዘፈቀው እንጨት ኋላ ቀረ። ሚሳዋ ከምትባል ከተማ ወደብ የተገነጠለ 20 ሜትር ርዝመት ያለው የመርከብ ማቆሚያ ደግሞ ከ15 ወር በኋላ፣ ሰኔ 2012 ላይ፣ አንተ በምትሄድበት በኦሪገን፣ አጌት ቢች ላይ አረፈ። ያ ሁሉ ኮንክሪትና ብረት!

ስለዚህ የምትቆይበት ጊዜ ከመኸር መጨረሻ እስከ ፀደይ (በእዚያ አገር ወቅት ከኅዳር እስከ ግንቦት ገደማ) ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነህ። በእነሱ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ከሆነ ተስፋህን ቀነስ አድርግ። የአየር ትንበያውን በየቀኑ እይ። ምዕራባዊው ነፋስ ሦስት አራት ቀን ሲነፍስ ከቆየ ጫማህን አዘጋጅ። ባሕሩ ከሞላ በኋላ መሸሽ ሲጀምር፣ ጎህ ሲቀድ ውጣ። ጎህ ሲቀድ የምልህ ሌሎችም እንዳንተው ስለሚነሱ ነው።

አንድ ምልክት ልጨምርልህ። አሸዋው ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ያላቸው፣ የጣት ርዝመት የማይሞሉ፣ ጀርባቸው ላይ ስስ ሸራ የመሰለ ነገር ያቆሙ የባሕር ፍጥረታት በሺህ ተበትነው ካየህ ወደ ቤትህ አትመለስ። ቬሌላ ይባላሉ። እንደ ኳሷ ሁሉ እነሱንም የሚነዳቸው ነፋስ ነው። እነሱን ያመጣ ነፋስ እሷንም ሊያመጣት ይችላል። የድሮ ለቃሚዎች ቬሌላ ሲያዩ የሚሮጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የት ለምትለው፣ ሰው ሁሉ ውሃው ጫፍ ላይ ይፈልጋል። አንተ ወደ ኋላ ተመልከት። ማዕበሉ በጣም ሲበረታ ዕቃውን ሳሩ ሥር፣ የአሸዋው ጉብታ ግርጌ ድረስ ይወረውረዋል፣ ከዚያ አሸዋ ይለብስበታል። አንዳንዷ ኳስ እንዲህ ተቀብራ ለብዙ ዓመት ትቆይና ሌላ ማዕበል ሲመጣ አሸዋውን ገፎ ያወጣታል። የወንዝ አፍም ጥሩ ነው። ክብ ነገር ብቻ አትፈልግ፤ የምታየው ከአሸዋ ብቅ ያለች፣ ትንሽ አረንጓዴ ጉብታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምለውን ግን አደራ ስማኝ። ለባሕሩ ጀርባህን አትስጥ። በዚያ ዳርቻ ከሌላው ሁሉ የረዘመ ማዕበል ድንገት መጥቶ ሰው ይወስዳል፣ ውሃውም በጣም ቀዝቃዛ ነው። አሸዋ ላይ የተጋደመ ትልቅ ግንድ ላይ አትውጣ። ቶን የሚመዝነውን ግንድ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ አንስቶ ሊያንከባልለው ይችላል፣ ሰውም ሞቶበታል። ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ሳታውቅም በገደል ጥግ ዞረህ አትሂድ፤ መመለሻ ታጣለህ። ለአንዲት ኳስ ነፍስ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ ደማቅ ሰማያዊ ኳስ ከነመረቧ ገዛሁ። ሻጩ «መቶ ዓመት ያልፋታል» ብሎኛል። ልጄ «አባዬ ተሸውደሃል» ትለኛለች። በፎቶው እዩልኝና ፍረዱኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልጅዎ ትክክል ሳትሆን አትቀርም።

ከመረቡ እንጀምር። የእርስዎ መረብ ነጭ ነው፣ ክሩ ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሥራ ላይ የነበረ መረብ እንዲህ አይሆንም። ገመዱ ወፍራም፣ የጠቆረ፣ የተላላጠ ነው። ጨው ገብቶበት ደርቋል፣ አንዳንዱ ቦታ ተበጥሷል። ቋጠሮውም የተቋጠረው በሰው እጅ ስለሆነ ይለያያል።

ከዚያ የብርጭቆው ገጽ። ዓመታት ባሕር ላይ የቆየች ኳስ አሸዋ ስላሻት እንደ ጉም የሸፈናት ነገር ይኖራል። በጣም የሚያምረው ደግሞ መረቧ የበሰበሰባት ኳስ ናት። ገመዱ የነበረበት ቦታ ከአሸዋው ስለተጠበቀ አብረቅራቂ ሆኖ ቀርቷል፣ በመሃል ያለው ደብዝዟል። መስኮት አጠገብ ወስደው ሲያዞሯት የጠፋው መረብ ጥላው ብርጭቆዋ ላይ ይታያል። ይሄን ለማስመሰል ከባድ ነው። በእርስዎ ኳስ ላይ አንድም ጭረት አላየሁም።

ሦስተኛው ቅርጿ ነው። በአፍ የተነፋች ኳስ ፍጹም ክብ አትሆንም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጧት የምትወደው ጎን አላት፣ ወደዚያው ትዞራለች። ውስጧ ትንንሽ የአየር አረፋ፣ አንዳንዴም ከምድጃው የገባ ጥቁር ነጥብ ያያሉ። ግን ይጠንቀቁ፣ ዙሪያዋን እንደ ስፌት ያለ መስመር ያላት ሁሉ የውሸት አይደለችም። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የተነፉ እውነተኛ አሮጌዎችም አሉ።

ቀለሙን በተመለከተ ሰማያዊ አሮጌ ኳስ አለ፤ ግን ብርቅ ነው። አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ በብዛት አለ፣ ቡናማና ነጭ (ቀለም አልባ) ይከተላል፣ ቀይ ከሁሉም ያንሳል። ስለዚህ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ጥርጣሬዎም አብሮ ይጨምር። ሐምራዊ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ብርጭቆውን ነጭ ለማድረግ ማንጋኒዝ ይጨመርበት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ማንጋኒዙ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። ደብዘዝ ያለ የወይን ጠጅ ቀለም ያላት ኳስ ቢያገኙ ያ ቀለም ከፋብሪካ ሳይሆን ከፀሐይ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ኳስ መግዛት ነውር አይደለም፣ ለቤት ጌጥ ተብለው የሚሠሩ ቆንጆዎች አሉ። ነውሩ አዲሱን መቶ ዓመት ሞላው ብሎ መሸጥ ነው። ሻጩን ሄደው ቢጠይቁት ጥሩ ነው። ኳሷን ከወደዷት ደግሞ ያስቀምጧት።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ኳስ ውስጥ ሩብ ያህል ውሃ አለ። ዙሪያውን ብፈልግ ቀዳዳ የለውም። በየት ገባ? ላወጣው እችላለሁ?

መልስ፦ አታውጣው! መብሳት የሚባል ነገር እንዳታስብ።

ከባድ መረብ አንዳንዴ ኳሶቹን ይዟቸው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እዚያ የውሃው ግፊት ከባድ ነው፤ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመደፈኛው በኩል፣ ውሃውን ጨምቆ ያስገባዋል። ኳሷ ወደ ላይ ከወጣች በኋላም ውሃው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያንተዋ ጥልቁን አይታ የመጣች ናት። ሰብሳቢዎች እንዲህ ዓይነቷን በተለይ ይፈልጓታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ብርድ። ውስጧ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ይለጠጥና ይሰነጥቃታል። ውሃ በረዶ በሚሆንበት የብርድ ወራት በረንዳ ላይ አትተዋት።

ውሃውን በብርሃን ስታይ ደግሞ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው የተዘረጋ ቀጭን የብርጭቆ ክር ካለ እይልኝና ጻፍልኝ። ሲደፍኗት የሚፈጠር ነው፣ ሁሉም ላይ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ኳሷ ላይ ቅርፊት ያላቸው ነገሮች ተጣብቀዋል፣ ትሸታለችም። በምን ልጠባት?

መልስ፦ መጀመሪያ እዪያቸው። የተጣበቁት ሕይወት ያላቸው ከሆኑ ገና መድረሷ ነው። ሽታው ከእነሱ ሞት የሚመጣ ነው፣ ይጠፋል። ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፊያት፣ ውሃውን ቀይሪ፣ ከዚያ በእንጨት ነገር ቀስ አድርገሽ አንሺያቸው። የቀረውን ነጭ ቅሪት አቼቶ ይለቅቀዋል። ከብርድ ያመጣሻትን ኳስ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቻት፣ ትፈነዳለች። የብረት መፈግፈጊያ አታስነኪያት። መረብ ካላት መረቡን አትፍቺ፣ አትቁረጪ፤ እንዳለ አለቅልቂውና ጥላ ላይ ይድረቅ። ጭጋጓንም ለማስለቀቅ ብለሽ እንዳታሻሺያት። እሱ ቆሻሻ አይደለም፣ ባሕር ላይ የኖረችበት ዘመን ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳርቻ ዕቃ ማንሳት ያስቀጣል እንዴ?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው። ብዙ የሕዝብ ዳርቻዎች ላይ የተጣለ ተንሳፋፊ ማንሳት ችግር የለውም። ብሔራዊ ፓርክ፣ የዱር እንስሳት መጠለያና የአገሬው ተወላጆች መሬት ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ከመግባትህ በፊት ጠይቅ። ከሃዋይ በስተሰሜን ምዕራብ ያሉት ደሴቶች ኳስ ሞልቶባቸዋል ሲባል ትሰማ ይሆናል፤ እዚያ ያለው ባሕር ፓፓሃናውሞኩአኬአ በሚል ስም የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይነሳምም።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ ጽሑፉን ካነበብኩለት ወዲህ «እማዬ እኔም ላግኝ» ብሎ አስጨንቆኛል። ግን አሁንም አሉ? ወይስ ወስጄው ባዶ እጁን ይመለሳል?

መልስ፦ እናቴ፣ አሉ። ግን በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ከ1970ዎቹ ወዲህ አጥማጆች ወደ ፕላስቲክ ስለዞሩ አዲስ ኳስ ባሕሩ ላይ የሚጨምር የለም ማለት ይቻላል። አሁን የሚመጡት ያኔ የጠፉት ናቸው። አላስካ ውስጥ ሰው የማይረግጣቸው ዳርቻዎች ላይ አሁንም ይገኛሉ። ሰው የሚበዛበት ዳርቻ ላይ ግን አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተመላልሶ ላያገኝ ይችላል። የነፊዎቹ ሙያ ግን አልሞተም። በጃፓን አኦሞሪ ከተማ ውስጥ ያለው ሆኩዮ የብርጭቆ ፋብሪካ በ1949 ሲቋቋም የሚሠራው የመረብ ኳስ ነበር፤ ዛሬ በዚያው የመንፋት ጥበብ የአበባ ማስቀመጫና የመጠጥ ብርጭቆ ይሠራል።

ለልጅሽ ግን የምመክርሽ አንድ ቦታ አለ። ኦሪገን ውስጥ ሊንከን ሲቲ የምትባል ከተማ ከ1999 ጀምሮ የብርጭቆ ሠራተኞች በእጃቸው የነፉዋቸውን አዳዲስ ኳሶች 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ዳርቻዋ ላይ ትደብቃለች። በዓመት ወደ 3,000 ይሆናሉ። ያገኘ የራሱ ነው። እያንዳንዷ ቁጥር አላት፣ ስታስመዘግቢ ማን እንደሠራት ይነግሩሻል። ለእናት ደግሞ ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኳሶቹን የሚያስቀምጡት ውሃው ከሚደርስበት መስመር በላይ፣ ከገደሉ በታች ነው። ልጅሽ ውሃው አጠገብ መሄድ አያስፈልገውም። ገደል መውጣትም የለበትም።

አሮጌ አይደለችም፣ ባሕርም አላቋረጠችም፤ ይሄን ሳትደብቂ ንገሪው። ካገኛት ግን መጀመሪያ እምብርቷን እንዲፈልግ አድርጊ። ጣቱን እዚያ ላይ ያሳርፍና ውስጧ ያለው አየር ከየት እንደመጣ ጠይቂው፤ መልሱን እሱ ራሱ ይድረስበት። ከዚያ ምን እንዳለ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።